ሰብለ፣ ጦቢያ፣ ስካርሌት እና ሌሎቹም፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ሰላም ናችሁ! ባለፈው «በልብ ወለድ ውስጥ የምትወዷቸው ጥንዶችና ጠንካራ ሴቶች እነማን ናቸው?» ብዬ ጠይቄያችሁ ነበር። መልስ ስጠብቅ ጥያቄ አዘነባችሁብኝ። ብዙው ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፣ አልገረመኝም። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ። አደራ፣ የመጽሐፎቹን መጨረሻ ሳላወራ ማለፍ አልችልም፤ ያላነበባችሁ ካላችሁ ተጠንቀቁ።

«በዛብህ ፈሪ ነው እኮ! ሰብለን ጥሏት ነው የጠፋው። ሁሉም ሰው የፍቅር ምሳሌ የሚያደርገው ለምንድነው?» (ከባሕር ዳር)

ኧረ ቀስ! በዛብህ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው። ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት፣ ቅኔ የተማረ፣ ከትምህርቱ ሌላ ምንም የሌለው ልጅ። ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባውም ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ነው። ፊታውራሪ ደግሞ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር አልገኝ ብሏቸው፣ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ እየመለሱ፣ ልጅቱን ቤት ያስቀሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ አባት ልጁ ከአስተማሪዋ ጋር መዋደዷን ቢሰማ ምን እንደሚያደርግ ለአንቺ ለጎጃሟ አልነግርሽም። ቆሞ ቢጠብቅ ይሞታል፣ በቃ። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ መሸሹን ፍርሃት ብቻ አልለውም።

ግን ደግሞ እውነትሽን ነው፣ ሚዛኑ ልክ አይደለም። እሱ ሸሸ፤ ፍለጋ የወጣችው እሷ ናት። በአሽከርና በገረድ መካከል ያደገች የባላባት ልጅ፣ መነኩሴ መስላ፣ ከአባቷ ቤት ወጥታ ያንን ሁሉ አገር በእግሯ! ስትደርስ ደግሞ ያገኘችው ሊሞት የተቃረበ ሰው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህንን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. መሆኑን አትርሺ። ብዙዎቻችን ታሪኩን ያወቅነው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው፣ እና በዚያ ድምፅ የተሰማ ሞት ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል። የበዛብህ መሞት ትዝ ይለናል፣ የሰብለ መንገድ ይረሳናል። እኔ ጥንዶቹን አንድ ላይ አልሸልምም። ለሰብለ ብቻ ነው የማጨበጭበው፤ በዛብህ ቢቀየመኝም ይቀየመኝ።

«በአማርኛ ልብ ወለድ የመጀመሪያዋ ጠንካራ ሴት ማን ናት? ሰብለ ናት አይደል?» (ከደሴ)

አይደለችም! በጣም ወደ ኋላ መሄድ አለብህ። የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ ብዙዎች «ጦቢያ» ነው የሚሉት። በዋናዋ ልጅ ስም ማለት ነው። አባቷ ጦር መሪ ነበር፣ ተማረከ፣ አንድ ደግ ሰው ከፍሎ አስለቀቀው። መንታ ወንድሟ ዋሕድ ያንን ደግ ሰው ፈልጎ ውለታውን ሊመልስ ወጥቶ እሱም በተራው ተይዞ ባሪያ ሆነ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ወጣች። ከዚያ የሚመጣው ነገር እንደ ዛሬ ተከታታይ ድራማ ነው፤ ወንድ የመሰለቻት ልዕልት ትወድዳታለች፣ ምስጢሩ ሲወጣ ደግሞ ንጉሡ ራሱ ላግባሽ ይላታል። እሷ ግን ቶሎ እሺ አላለችም፣ መጀመሪያ ክርስቲያን ሁን አለችው። ንጉሥን! ቋንቋው የድሮ ስለሆነ መጀመሪያ ትንሽ ያንገራግርሃል፣ ግን መጽሐፉ ቀጭን ነው፤ በአንድ ቅዳሜ ትጨርሰዋለህ።

እስቲ አስበው፣ የልብ ወለዳችን ታሪክ የጀመረው ልብስ ቀይራ መንገድ በወጣች ልጅ ነው። ሰብለ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይታ የመጣችው በዚሁ መንገድ ነው።

«ኤልሳቤጥ ቤኔትን ለምን እንደዚህ ታካብዷታላችሁ? መጨረሻ ላይ ሀብታም ባል አገባች እንጂ ምን ሠራች?» (ከለንደን)

ሃሃ! ይቺን ወድጃታለሁ። ኤልሳቤጥ ያለችበት የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» የወጣው በ1813 (በፈረንጅ) ነው። ቤኔቶች አምስት ሴቶች ልጆች አሏቸው፣ ወንድ የለም፤ በዚያን ጊዜ ውል መሠረት አባትየው ሲሞቱ ቤቱን የሚወርሰው ሚስተር ኮሊንስ የሚባል የሩቅ ዘመድ ነው። ይኸው ኮሊንስ መጥቶ ኤልሳቤጥን ላግባሽ አላት። እሺ ብትል እናቷም እህቶቿም ሜዳ ላይ ከመውደቅ ይድናሉ። እምቢ አለች። ቀጥሎ ዳርሲ መጣ፣ በዓመት 10,000 ፓውንድ የሚገባለት ሰው። እወድሻለሁ ሲላት ቤተሰብሽ ግን የእኔ እኩያ አይደለም የምትል ነገር ጣል አደረገባት። እሱንም እምቢ አለች! ያለ ጥሎሽ፣ ያለ ሥራ፣ ያለ ቤት ሁለት ጊዜ እምቢ ማለት ቀልድ መሰለሽ? ጓደኛዋ ሻርሎት በ27 ዓመቷ ያንኑ ኮሊንስን አግብታለች፣ እኔ አልፈርድባትም፤ ሌላ በር አልነበራትማ።

ዳርሲን የምወደው ደግሞ እምቢታውን ከሰማ በኋላ ባደረገው ነው። አልዛተም፣ ሽማግሌ አላከም፣ ነጋ ጠባ ደጇ ላይ አልቆመም። ሄዶ ጠባዩን አስተካከለ። የእኛ የፊልም ጸሐፊዎች ይህንን ቢያነቡልኝ ደስ ባለኝ፤ ሴት እምቢ ስትል «ለምን አትሞክርም፣ ትለምዳለች» የሚል ጓደኛ የሌለበት የፍቅር ፊልም ናፍቆኛል።

«ሂትክሊፍና ካትሪን የዓለም ምርጥ ፍቅረኞች አይደሉም?» (ከአዳማ)

አይደሉም። «ዉዘሪንግ ሃይትስ» ድንቅ መጽሐፍ ነው፣ ሂትክሊፍ ግን በቀሉን በሁለት ቤተሰብ ልጆች ላይ የተወጣ ሰው ነው። አንብቢው፤ እንደሱ ያለ ከመጣብሽ ግን ሩጪ።

«ስካርሌት ኦሃራን እወዳታለሁ፣ ጓደኞቼ ግን ያፍሩብኛል። ነውር ነው?» (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መውደድ ነውር የለውም፣ ዓይንን ጨፍኖ መውደድ እንጂ። ነቢይ መኮንን የስካርሌትን መጽሐፍ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ ተርጉሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ባያወጣው ብዙዎቻችን ስካርሌትን አናውቃትም ነበር። ለታሰረ ሰው የምትሆን ሴት ናት፤ ተርባ፣ ቤቷ ተዘርፎ፣ የመስኮት መጋረጃ ቀሚስ አሰፍታ ገንዘብ ፍለጋ የምትወጣ። በዚያው ልክ ግን የእህቷን እጮኛ ነጥቃ ያገባች ሴት ናት፣ ለዚያውም ለቤቱ ግብር ገንዘብ ብላ። የኋላ ባሏን ሬት በትለርን ደግሞ እንደምትወደው የገባት ልቡ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ጓደኞችሽ የሚያፍሩብሽ በሌላ ምክንያት ይመስለኛል፣ እነሱም ትክክል ናቸው። አሜሪካ ነው ያለሽው። መጽሐፉ ባርነትን ያሞግሳል፣ ጥቁሮቹን በጌቶቻቸው ደስተኛ አድርጎ ይስላል፣ የነጭ የበላይነት ጭፍሮችንም እንደ ጀግና ያሳያል። እዚህ አዲስ አበባ ቁጭ ብለን ስናነበው ይህ ያመልጠን ይሆናል፣ እዚያ ግን ጎረቤትሽ የእነዚያ ባሪያዎች የልጅ ልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል። ስካርሌትን ውደጃት፣ መጽሐፉን ግን አትከራከሪለት።

«ፊያሜታ ወይስ ሮማን?» (ከአዲስ አበባ፣ ከብዙ ሰው)

የ«ኦሮማይ» ነገር! ላላነበበ፦ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ደርግ ኤርትራ ላይ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ፕሮፓጋንዳ አስመራ ይላካል፣ እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ናት፣ አስመራ ላይ ከፊያሜታ ጊላይ ጋር ፍቅር ይይዘዋል። በዓሉ ግርማ መጽሐፉን ያወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው፤ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፣ እሱም በ1976 እንደወጣ ቀረ። ፊያሜታ ትማርካለች፣ አልክድም፤ ጦርነት መሐል ሆና ሕይወት ሕይወት የምትል ሴት ናት። ግን ሁልጊዜ ሁለቱን ሴቶች ማወዳደር ምን የሚሉት ነገር ነው? ቃል የሰጠው ፀጋዬ፣ ቃሉን ያፈረሰው ፀጋዬ። ሮማንን «ቀዝቃዛ ናት» የምትሉ ሁሉ በእጮኛችሁ ቢደርስባችሁ ስትሞቁ አያችኋለሁ።

«የ15 ዓመት ልጄ የፍቅር መጽሐፍ ካላነበብኩ ትላለች። ምን ልስጣት?» (ከዱባይ)

እንግሊዝኛዋ ደህና ከሆነ «ጄን ኤር»ን። ጄን ወላጅ የላት፣ ገንዘብ የላት፣ ቆንጆም አይደለችም፤ የሰው ቤት አስተማሪ ናት። ሮቸስተርን ከልቧ ወደደችው፣ ሊያገቡ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ሳለ ሌላ ሚስት እንዳለችው ታወቀ፣ ለዚያውም ቤቱ ውስጥ የተቆለፈባት። ባይጋቡም አብራው እንድትሆን ለመናት። ሌሊት ጥላው ወጣች፣ መንገድ ላይ ምግብ እስከ መለመን ደረሰች። የተመለሰችው ውርስ አግኝታ በራሷ ከቆመች በኋላ፣ የታሰረችው ሚስት ከሞተች በኋላ ነው፤ ለዚያውም ማንም ሳያስገድዳት።

አንድ ነገር ብቻ፦ ስለዚያች ስለተቆለፈባት ሴት፣ ስለ በርታ፣ መጠየቋ አይቀርም። እኔም በርታ የሚገባትን ያገኘች አይመስለኝም፤ ሰው አስሮ ማስቀመጥን መጽሐፉ በቀላሉ ያልፈዋል። ስለዚህ አብረሻት ብታነቢው ጥሩ ነው። መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ የመጀመሪያዎቹ የትምህርት ቤት ምዕራፎችም ያሳዝናሉ፤ ሮቸስተር ከፈረስ እስኪወድቅ ታገሺ በያት፣ ከዚያ በኋላ አንቺው ራስሽ ሂጂ ተኚ ማለት ይቸግርሻል።