የናቫሆ ምንጣፍ፦ ጠማማ መሰለኝ፣ ልግዛው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፊኒክስ ነው። አንድ የአሮጌ ዕቃ ሻጭ ጋ ግራጫና ቡናማ ምንጣፍ አይቼ ልቤ እዚያው ቀረ። «የድሮ ናቫሆ ነው» አለኝ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑት የናቫሆዎች ሥራ ነው ማለቱ ነው። ዋጋው ግን አይቀመስም። ቅርጾቹ ግራና ቀኝ እኩል አይደሉም፣ በዚያ ላይ እንደ ስፌት ያለ ሰያፍ መስመር ይታየኛል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! እኔ ብሆን መጀመሪያ የምፈልገው እነዚህኑ ነው። ሸማኔዋ ማጉን ሁልጊዜ ከዳር እስከ ዳር አትወስደውም። እጇ የሚደርስበትን ያህል ትሠራና ወደ ጎን ጠጋ ትላለች፣ ሰያፉ መስመር ሁለቱ ሥራዎች የተገናኙበት ነው። ቅርጾቹ እኩል ያልሆኑት ደግሞ ከወረቀት ስላልተቀዱ ነው፤ ንድፉ ያለው ጭንቅላቷ ውስጥ ነው፣ እየቆጠረች ከታች ወደ ላይ ትወጣለች፣ መሃሉ ላይ ስትደርስ የሠራችውን ገልብጣ ትደግመዋለች። ለእኔ ውበቱ እዚህ ላይ ነው። የቅርጾቹ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው፣ ግን የሰው እጅ እንዳለበት ያስታውቃል።

ቀለሙ ኒው ሜክሲኮ ያለውን የቱ ግሬይ ሂልስ ሥራ ያስታውሰኛል። እዚያ ሱፉ በአብዛኛው አይነከርም፤ ነጩን ከጥቁሩ ወይም ከቡናማው ጋር አብረው ያበጥሩትና ግራጫውና ቡኒው ከዚያ ይወጣል። ጠጋ ብለው ግራጫውን ይዩት፣ አንድ ወጥ አይደለም። ደማቅ ቀይ ከፈለጉ የአሪዞናው ጋናዶ አለ። ሎሬንዞ ሀብል እ.ኤ.አ. በ1878 እዚያ ንግድ ቤት ገዝቶ ቀዩን ያስፋፋ ነጋዴ ነው። ከዚያ በፊት ናቫሆዎች በብዛት የሚሸምኑት የሚለበስ ብርድ ልብስ ነበር፤ ወደ ወለል ምንጣፍ የዞሩት ባቡር ገብቶ ከምሥራቅ አሜሪካ ሸማቾች ሲመጡ ነው።

ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ጫፉን ይመርምሩ። የናቫሆ ድር አይቆረጥም፣ ከላይና ከታች ታጥፎ ይመለሳል። ስለዚህ ዘርፍ፣ ማለትም ጫፉ ላይ የተንጠለጠለ ክር፣ ካለው፣ ወይም የተቆረጡ የድር ጫፎች ወደ ውስጥ ተመልሰው ከተቀበሩ፣ ሌላ ቦታ የተሠራ ቅጂ ሊሆን ይችላል። ከፋብሪካ ክር የተሠሩ አንዳንድ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሥራዎች ግን ዘርፍ ተጨምሮባቸዋል፣ እነሱን የሚያውቅ ሰው ይይልዎት።

ከገዙትም ውሃ አያስነኩት፣ የድሮ ቀለም ይለቃል። ሲያስቀምጡት አጣጥፈው ሳይሆን ጠቅልለው ይሁን።