የቻይናዋ ዘማች፣ የአባቷ ስምና የግመሉ ነገር

ሰሞኑን የሚደርሰኝ ደብዳቤ ሁሉ ስለ አንድ ድራማ ሆኗል። ማታ ማታ በአማርኛ ተተርጉሞ የሚታየው፣ ልጅቷ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትዘምትበት የቻይና ተከታታይ። አዲስ አንባቢ ካለ፣ እኔ ደሴ ፒያሳ ቪዲዮ ቤት የነበረኝ ሴትዮ ነኝ። መጀመሪያ ካሴት፣ ኋላ ዲቪዲ አከራይ ነበር። ከዚያ ፊልሙ ሁሉ ስልክ ውስጥ ገባና ሱቁን ዘጋሁት። የቻይና ፊልም ማየት ግን አልተውኩም። ባለቤቴ «አንቺና እነዚህ የሚበሩ ሰዎችሽ» እያለ ይስቅብኛል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ነዎት? ወንድሜ «ይቺ ሙላን የምትባለው እውነተኛ ሰው ናት፣ የቻይና ንግሥት ነበረች» ብሎ ድርቅ አለብኝ። እኔ ደግሞ ተረት ነው ባይ ነኝ። ቡና ተወራርደናል። ይፍረዱን። (ከሰኞ ገበያ)

መልስ፦ አብሽሪ ልጄ፣ ቡናውን የሚጋብዘው እሱ ነው። ሙላን ንግሥት አልነበረችም። የዘመኑ የነገሥታት ታሪክ መዝገብም አያውቃትም። የምናገኛት ግጥም ውስጥ ነው። ግጥሙ የሰሜን ዌይ ዘመን ነው ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ386 ጀምሮ እስከ 534 ድረስ ሰሜን ቻይናን የገዛው መንግሥት ማለት ነው። እኛ ዘንድ የደረሰው ደግሞ በ12ኛው መቶ ዘመን ጉዎ ማውቺየን የሚባል ሰው የድሮ ዘፈኖችን ሲሰበስብ አብሮ ስላስገባው ነው።

ማጠሩ ያስቃል። ሦስት መቶ ከምናምን የቻይና ፊደል ነው፣ አንድ ገጽ አይሞላም። ይህ ሁሉ ክፍል ድራማ የወጣው ከዚያች ብጣሽ ነው።

አሁን ወንድምሽን ጥሪና ይስማ። ግጥሙ በጦርነት አይጀምርም። ልጅቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትሸምናለች። ግን የመሸመኛው ድምፅ ጠፍቶ የሚሰማው የእሷ ኡኡታ የሌለው ረጅም ትንፋሽ ነው። ምን ሆንሽ ትባላለች። ለካ ማታ የዘመቻ ጥሪ አይታለች። ጥሪው የተጻፈባቸው ጥቅልሎች 12 ናቸው፣ በ12ቱም ላይ የአባቷ ስም አለ። አባቷ ደግሞ ለዘመቻ የደረሰ ወንድ ልጅ የለውም። ስለዚህ እኔ እሄዳለሁ ትላለች። በቃ። በድራማው ሌሊት ሾልካ ትጠፋለች፣ እናት ታለቅሳለች፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል። በግጥሙ ጠዋት እናት አባቷን ተሰናብታ ነው የምትወጣው።

ከመውጣቷ በፊት ግን ገበያ ትሄዳለች። ፈረሱን ከምሥራቅ ገበያ፣ ኮርቻውን ከምዕራብ፣ ልጓሙን ከደቡብ፣ አለንጋውን ከሰሜን ትገዛለች። እዚህ ቦታ ስደርስ ሁሌ ፈገግ እላለሁ። ለሠርግ የጎደለውን ፍለጋ ከሰኞ ገበያ አራዳ፣ ከአራዳ ቧንቧ ውሃ ስትዞር የምትውል የደሴ እናት ትመስለኛለች።

ጦርነቱስ? ስድስት መስመር። ተራራው ታለፈ፣ ብርዱ በብረት ልብሱ ላይ አበራ፣ ጄኔራሎች ሞቱ፣ የተረፉት ከአሥር ዓመት በኋላ ተመለሱ። ግጥሙን የገጠመው ሰው ለሰይፍ ግድ የለውም። ልቡ ያለው ቤት ነው። ለዚህ ነው ድራማው የሚያበሳጨኝ፤ ውጊያውን በክፍል በክፍል ዘርግተው መመለሷን በአሥር ደቂቃ ይጨርሱታል።

መመለሷን እዩት። ንጉሡ ምን ልሹምሽ ይላታል። ሹመት አልፈልግም፣ አገሬ የሚያደርሰኝ ብቻ ስጠኝ ትላለች። እናትና አባቷ ተደጋግፈው ከከተማው ቅጥር ውጭ ይቀበሏታል። ታላቅ እህቷ ተኳኩላ ትጠብቃለች። ታናሽ ወንድሟ ለአሳማና ለበግ ቢላዋ ይስላል። (አሳማውን እናንተ እለፉት።) እሷ ክፍሏ ገብታ የጦር ልብሱን ታወልቃለች፣ የድሮ ቀሚሷን ትለብሳለች፣ መስኮት ሥር ፀጉሯን ታበጃለች። ስትወጣ ጓደኞቿ ክው አሉ። ለ12 ዓመት (ግጥሙ አንዴ አሥር፣ አንዴ 12 ይላል) አብረዋት ዘምተው ሴት መሆኗን አላወቁም ነበር። በነገራችን ላይ ያ የድራማው መልከ መልካም አዛዥ ግጥሙ ውስጥ የለም። ፍቅር የሚባል ነገርም የለም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። ቻይናዊው አለቃችን «ኋ ሙላን» ይላታል። ድራማው ላይ ግን በሌላ የቤተሰብ ስም ነው የምትጠራው። ማን ነው የተሳሳተው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ማንም አልተሳሳተም ወንድሜ። ግጥሙ ሙላን ብቻ ነው የሚላት። «ኋ» የሚለውን ያወጣላት በ16ኛው መቶ ዘመን ሹ ዌይ የሚባል ጸሐፊ በተውኔቱ ነው። ሌሎች ሌላ አወጡላት። አለቃህ የለመደው የታወቀውን ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሰው 12 ዓመት አብሮ በልቶ፣ አብሮ ተኝቶ እንዴት አያውቃትም? ሞኝ አደረጉን እኮ! (ከሆጤ)

መልስ፦ የድራማዋን ልጅ ከሆነ እውነትህን ነው። ከንፈሯ ተቀብቶ፣ ቅንድቧ ተስሎ፣ ነጭ ልብሷ ጭቃ ሳይነካው ትዋጋለች። እሷን እንኳን አብሯት የተኛ፣ ከጦሳ ተራራ ላይ ሆኖ ያያትም ያውቃታል።

ነገሩ ግን የማይሆን አይደለም። ተደርጓል። ዴቦራ ሳምፕሰን የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1782 በወንድ ስም ተመዝግባ ከእንግሊዝ ጋር ተዋግታለች። የታወቀባት ትኩሳት ይዟት ሐኪም ሲመረምራት ነው። ሩሲያዊቷ ናዴዥዳ ዱሮቫ ደግሞ ከቤቷ ጠፍታ ፈረሰኛ ጦር ገባች። ንጉሡ ቀዳማዊ አሌክሳንደር ሴት መሆኗን ሲሰማ አስጠራት። ሊያባርራት መስሏት ነበር። እሱ ግን ሜዳሊያ ሰጥቷት እዚያው ጦር ውስጥ እንድትቆይ ፈቀደላት። ወታደር የሚተኛው ከነልብሱ ነው፣ ገላውን የሚታጠበውም በስንት ጊዜው ነው። ጢም የሌለው ጎረምሳም በየጦሩ ሞልቷል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የካርቱን ፊልም ላይ ወንድ ለመምሰል ፀጉሯን በሰይፍ ትቆርጣለች። ያምራል፣ ግን አያስኬድም። በዚያ ዘመን የቻይና ወንድ ፀጉሩን አሳድጎ አናቱ ላይ ይቋጥር ነበር። የሰሜን ዌይ ገዢዎች የሆኑት ሺያንቤይ የሚባሉት ሕዝቦች ደግሞ ይጎነጎኑ ነበር። ስለዚህ ፀጉሯን ብትቆርጥ ነበር ጉድ የሚፈላው! እኛ ዘንድስ ቢሆን ቴዎድሮስ ሹሩባ ተሠርቶ አይደል የምናውቀው?

ጥያቄ፦ ሳትደበቅ፣ በራሷ ስም የተዋጋች ቻይናዊት የለችም? ሴት ልጆቼ ጠይቀውኝ አፈርኩ። (ከሮቢት፣ የሦስት ልጆች እናት)

መልስ፦ የኔ እናት፣ ጥሩ ልጆች ነው ያሉሽ። እኔም ከሙላን የምወደው እንዲህ ያሉትን ነው። ቺን ሊያንግዩ ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1574 ተወልዳ በ1648 ነው የሞተችው። ባሏ የአካባቢ ገዢ ነበር፣ እስር ቤት ሞተ። ቦታውን ተረክባ ጦሩን ራሷ መራች። ያኔ ቻይናን ይገዛ ለነበረው ለሚንግ መንግሥት ቆማ ከሰሜን ከሚወጉት ከማንቹዎች ጋር ተዋጋች፣ ዋና ከተማዋ ቤይጂንግ ስትሰጋም ሠራዊቷን ይዛ ደረሰች። የሚንግ መንግሥት ታሪክ የሕይወት ታሪኳን ያስገባው ከጄኔራሎቹ ጋር ነው። ብዙዎቹ ሴቶች የተመዘገቡት ግን በጨዋነታቸው፣ ለባላቸው በመታመናቸው ነው።

ከእሷ በጣም የቀደመች ደግሞ አለች። ፉ ሃው ትባላለች፣ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የነበረች የንጉሥ ሚስት። መቃብሯ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲከፈት ከጌጡ ጋር ከመቶ በላይ የጦር መሣሪያ ተገኘ። በአጥንት ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ 13,000 ሰው ይዛ እንደዘመተች ይናገራል።

ሩቅ ሳትሄጂም ለልጆችሽ ስለ ወይዘሮ ወርቂት ንገሪያቸው። ወሎን በራሷ ስም የገዛች የኛው ሴት ናት። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1865 ከመቅደላ አምልጦ ሲመጣ ልጇ መቅደላ ላይ በቴዎድሮስ እጅ ነበር። ምኒልክን ይዛ ብትመልሰው ልጇን ታስፈታበት ነበር። አሳለፈችው። ቴዎድሮስ ልጇን አስገደለው። ይህን ድራማ አድርጎ የሚሠራ ሰው እስካሁን መጥፋቱ ይገርመኛል። ፈረሱም፣ ገደሉም፣ ሴትዮዋም እዚሁ ናቸው፤ የወንድ ልብስም አያስፈልጋትም።

ጥያቄ፦ ትናንት ማታ ንጉሡን ግመል ስጠኝ አለችው። እኛ ግመል ነጋዴዎች ነን፣ ሳቅን። ቻይና ግመል አለ እንዴ? ወይስ ተርጓሚው ነው? (ከኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ)

መልስ፦ ተርጓሚውን አትንኩት። ግጥሙ በተለያየ ቅጂ ነው የደረሰን። በአንዱ የጠየቀችው ፈጣን ፈረስ ነው፣ በሌላው ግመል። ሰሜን ቻይና ግመል ሞልቷል፣ የሐር ንግድ በረሃውን ያቋረጠው በግመል ጀርባ ነው። ብቻ እናንተ ባቲ ገበያ የምትነዱት አንድ ሻኛ ነው። የእነሱ ሁለት ሻኛ አለው፤ ጠጉሩም ረጅም ነው፣ የክረምቱን ብርድ የሚችለው በእሱ ነው።