ኮሮላ፣ እናቴ እና የሰመራ መንገድ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ እህቴ ሰመራ ነው የምትሠራው፤ ጥር ላይ እዚያው ልትሞሸር ነው። ባለቤቴን፣ ሁለት ልጆቼንና እናቴን ይዤ በኮሮላዬ ልሄድ አስቤያለሁ። ጠዋት ቁርስ በልተን ከአዲስ አበባ ብንነሳ ማታ እንገባለን? ጓደኞቼ ሙቀቱን ለመሸሽ በሌሊት ንዳ፣ የጎማውንም ንፋስ ቀነስ አድርግ ይሉኛል። እናቴ ደም ግፊት አለባት። ከሠርጉ በኋላ አፍዴራን ለማየትም ጓጉተናል። ምን ይመክሩኛል?
የሙሽራዋ ወንድም፣ ከሲኤምሲ

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ። ጓደኞችህ ቢወዱህም መንገዱን አያውቁትም። እኔ በዚያ መስመር 19 ዓመት ተሳቢ ነድቻለሁ፤ ሁለቱንም ምክራቸውን እርሳው።

ሰመራ ወደ 590 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ካርታ ላይ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ግን ቁርስ በልተህ ከተነሳህ አዋሽ ሰባት የምትደርሰው ለምሳ ነው። ከዚያ የሚቀርህ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ በረሃ ግማሹ በቀትር፣ ግማሹ በጨለማ ሊሆንብህ ነው። ስለዚህ ለሁለት ክፈለው። በመጀመሪያው ቀን ከምሳ በፊት ውጣና አዋሽ እደር። መተሐራ ላይ ለልጆቹ የበሰቃን ሐይቅ አሳያቸው፤ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገዱን ሲያስቸግር የኖረ ሐይቅ ነው።

አዋሽ ማታውኑ ሦስት ነገር ጨርስ። ታንከርህን ሙላ፤ ጌዋኔ ላይ ነዳጅ አገኛለሁ ብለህ አትተማመን። ውሃ ግዛ፣ ለአንድ ሰው አምስት ሊትር። ለመኪናው ደግሞ ለብቻው አንድ ጀሪካን። ሦስተኛው ወሬ ነው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ከማን ተጣላ። አንተም ከሰመራ በኩል የመጣ የከባድ መኪና ሹፌር ፈልግና «መንገዱ እንዴት ነው?» በለው። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ አስፋልቱ ተሰነጣጥቆ ነበር። አልፎ አልፎም በገዳማይቱና በአዳይቱ በኩል ግጭት ይነሳል። ሹፌሩ «ዛሬ እንጃ» ካለህ አትከራከር፣ አዋሽ ሁለተኛ ሌሊት እደር። ሠርጉ ሊያመልጥህ እንዳይችል ሁለት ቀን ቀድመህ ውጣ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሊነጋጋ ሲል ተነስ። ጌዋኔ ለቁርስ፣ አየሉ ተራራን እያያችሁ። ሚሌ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ። 7 ሰዓት ሳይሞላ ሰመራ ናችሁ። ጥር ለዚያ አገር ደግ ወር ነው፤ ግንቦት ብትለኝ ኖሮ በአውሮፕላን ሂድ እልህ ነበር።

እናትህን ከሹፌሩ ጀርባ፣ በግራ በኩል አስቀምጥ። መንገዱ ወደ ሰሜን ስለሚወጣ ጠዋቱን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው በቀኝ ያለውን ነው። ነጠላ መስኮት ላይ የሚሰቅለው ዘዴው ያልገባው ሰው ነው። መድኃኒታቸው በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ ከሻንጣ ጋር ኋላ አይቀቀል።

አሁን ወደ ጎማው። በ1996 ዓ.ም. ጌዋኔን እንዳለፍኩ በቀትር ቆሜ ጎማ ስነካ እጄን አቃጠለኝ። ንፋሱ በዝቶ ነው ብዬ በምስማር ጫፍ ቫልቩን ተጫንኩት፤ ፍስስ አለ፣ ደስ አለኝ። ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። 40 ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ጎማው እንደ መድፍ ጮኸ። ጥላ የሚባል የለም። ረዳቴ ተሳቢው ሥር ገብቶ ተኛ፣ እኔ ክሪክ ለማቆም አሸዋ ስዝቅ ዋልኩ። ግመል የሚጠብቅ ሽማግሌ መጥቶ ዝም ብሎ አየኝ አየኝና ወተት አጠጣኝ። በኋላ ጎሚስታው ነው ያስረዳኝ። ጎማ ሲሞቅ ንፋሱ መጨመሩ የታሰበበት ነው። ስትቀንሰው ግን ጎኑ ይልፈሰፈሳል፣ በተጣጠፈ ቁጥር የባሰ ይግላል፣ ከዚያ ይፈነዳል። አምስት ሰውና የሠርግ ጓዝ ለጫነ ኮሮላ ደግሞ የባሰ ነው። ጠዋት ሳትነሳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ፣ በሹፌሩ በር ላይ በተጻፈው ልክ አስሞላ። ከዚያ አትንካው። ስኮርታውንም፣ ትርፍ ጎማውን ማለቴ ነው፣ አትርሳ፤ ሁሉም የሚረሳው እሱን ነው።

የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፋ፣ ማሞቂያውን ክፈት። አዎ፣ በበረሃ ማሞቂያ! ከሞተሩ ሙቀት ይስብልሃል። ጥግ ይዘህ ቁም። ራዲያተሩን ትኩስ እያለ አትክፈት፤ ፊታቸውን ያጡ አውቃለሁ።

በሌሊት አትንዳ ለምን አልኩህ? ግመል ነው። ያውም አንዷ ካለፈች ግልገሏ ከኋላ እንዳለ ቁጠር፤ እሷን አሳልፈህ ስትነዳ ግልገሉ ላይ ትወጣለህ። ሌላው የተበላሸ ከባድ መኪና ነው። ሹፌሩ መብራት የለውም፣ ድንጋይና ቅጠል መንገዱ ላይ ይደረድራል። ሠርቶ ሲሄድ ድንጋዩን ትቶት ይሄዳል። ቀን ላይ ታየዋለህ፣ ሌሊት አታየውም።

ልጆች መንገድ ዳር ባዶ ፕላስቲክ ከፍ አድርገው ያሳዩሃል። ሃይላንድ እንለዋለን። የሚፈልጉት ውሃ ነው። እየነዳህ አትወርውርላቸው፣ ለመያዝ ሲሮጡ ከኋላህ ያለ ተሳቢ ይገጫቸዋል። ከቻልክ ዳር ይዘህ ቁምና በእጃቸው ስጥ። ለዚህም ሲባል ሁለት እሽግ ጨምር።

አፍዴራ? ከሰመራ አልፈህ ሰርዶ ላይ ወደ ግራ ትታጠፋለህ፤ ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ነው። ሙቀቱ እንደ ሰመራ አይምሰልህ። እናትህን ከሙሽራዋ ጋር ተዋቸው፣ ልጆቹንም። አንተና ባለቤትህ የአገሩን ሰው ይዛችሁ ሊነጋጋ ሲል ውጡ፣ ለምሳ ተመለሱ። እናትህ ቢቆጡ እኔ ነኝ ያልኩት በላቸው።