ዋቱን ከመቀነስህ በፊት ፓውዛውን ወደ መሬት አዙር

ወንድሜ፣ «ግቢዬ ውስጥ የሰቀልኩት 50 ዋት ነጭ ፓውዛ ጎረቤቴን እንቅልፍ ነሳው፣ ኮከብ ማየትም ቀረ፤ በ30 ዋት ልቀይረው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ለመቀየር አትቸኩል። 30 ዋቱንም እንደዚያው ቀና አድርገህ ከሰቀልከው የሚያርፈው እዚያው መስኮት ላይ ነው።

1. አቅጣጫ። አብዛኛው የኤልኢዲ ፓውዛ ብርሃኑን የሚረጨው በ120 ዲግሪ ነው፤ ከመሃሉ 60 ዲግሪ ርቆም ገና የመሃሉን ግማሽ ያህል ይደምቃል። መስታወቱን 45 ዲግሪ ቀና ስታደርገው ይህ ደማቅ ጠርዝ ከአግድም በላይ 15 ዲግሪ ያልፋል። ያ ብርሃን መሬት ሳይነካ ሰማይ ይገባል፤ የምትከፍልበት ግን አንተ ነህ። ስለዚህ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፋ፣ የጎን ብሎኖቹን አላላ፣ መስታወቱ ሙሉ በሙሉ መሬት እስኪያይ አጎንብሰውና መልሰህ አጥብቅ። ግቢው ይጨልማል ብለህ አትስጋ። 3 ሜትር ላይ የተሰቀለ ፓውዛ በዚያ 60 ዲግሪ ሲሰላ ዙሪያውን 5 ሜትር ያህል ይደርሳል። ካልበቃህ ሌላ ትንሽ መብራት ጨምር እንጂ ይኼኛውን ቀና አታድርገው። ግድግዳው ነጭ ከሆነ በብረት ክንድ ራቅ አድርገህ ስቀለው፤ ነጭ ግድግዳ ብርሃኑን መልሶ ወደ ላይ ይረጨዋል።

ከዚያ ማታ አጥሩ ጥግ ቆመህ እየው። የሚያበራው ቺፕ ራሱ አሁንም ዓይንህን ከወጋህ በጎረቤት በኩል ከመስታወቱ ዝቅ ብሎ የሚወርድ የላሜራ ከለላ አሠራለት፤ ውስጡ በማያብለጨልቅ ጥቁር ቀለም ይቀባ። ከጀርባው ያሉትን የማቀዝቀዣ ክንፎች ግን እንዳትሸፍን። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ድራይቨሩ (ለኤልኢዲው ኤሌክትሪኩን የሚያመቻችለት ክፍል) ቶሎ ይቃጠላል፣ ሰውም «ዕቃው አይረባም» ይላል።

2. ቀለም። አዲስ ስትገዛ ካርቶኑ ላይ «ዋርም» የሚለውን ቃል ሳይሆን የኬልቪኑን ቁጥር አንብብ፤ ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል። ከ3000 አይብለጥ፤ 2700 ወይም 2200 ብታገኝ ይሻላል። 6500 የሚለው ነጭ መብራት ሰማያዊ ብርሃን ይበዛበታል፤ ሰማያዊ ደግሞ አየር ውስጥ ይበልጥ ስለሚበተን ሰማዩን ያነጣል፣ ነፍሳትም ይሰበስባል። «ነጩ የበለጠ ያሳያል» የሚሉህን ሻጮች አትስማ። ዓይን የሚወጋ ብርሃን ከኋላው ያለውን ጥላ ያጠቁረዋል፤ ሌባ የሚደበቀውም እዚያ ነው።

መጠኑንም በሉመን፣ ማለትም በሚወጣው ብርሃን ልክ፣ ለካ። ለበር መግቢያ ከ300 እስከ 500 ሉመን ይበቃል፤ የአንተ 50 ዋት ግን 4000 እና ከዚያም በላይ ይሰጣል። ስለዚህ አቅጣጫው ከተስተካከለ በኋላ በ10 ዋት ብትተካው አይቆጭህም።

ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ መብራት ደግሞ እኔ አልደግፍም፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚያበራ ሴንሰር ይግባለት። ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሰው ፊት ለፊቱ ከሚመጣበት ይልቅ አቋርጦት በሚያልፍበት በኩል ስቀለው፤ እንዲያ ነው ቶሎ የሚያየው። በርቶ የሚቆይበትን ሰዓት 2 ደቂቃ ላይ፣ የብርሃኑን መዘውር ደግሞ ሲጨልም ብቻ እንዲሠራ ጨረቃ ምልክት ላይ አድርግ። ስትገዛ ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) የሚገባበትን ባለ ሦስት ሽቦ ምረጥ። ባለ ሁለት ሽቦው በአምፖሉ በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ ኤልኢዲው ጠፍቶም ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል። የሴንሰሩ ዓይን የራሱን መብራት እንዳያይም ተጠንቀቅ፤ ሲበራ «ነጋ» ብሎ ያጠፋል፣ ሲጨልም ያበራል፣ ሌሊቱን እንዲሁ ሲመላለስ ያድራል።