የጂአርኢ ውጤቴ ዝቅ አለ፤ ልድገመው?

ጥያቄ፦ አሜሪካ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ጂአርኢ ተፈትኜ በሒሳቡ ክፍል 152 አመጣሁ። ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከ130 እስከ 170 የሚሰጠው የሒሳብ ነጥብ ለምህንድስና አመልካች ከሌላው ክፍል ይበልጥ ስለሚታይ ቅር ቢልዎ አያስገርምም። ሆኖም ከ200 ዶላር በላይ የሆነውን ክፍያ ዳግም ከማውጣትዎ በፊት (ለእኛ አገር ኪስ ቀላል አይደለም) የየትምህርት ክፍሉን መስፈርት አንድ በአንድ ያንብቡ፤ ከኮሮና ወዲህ ፈተናውን መጠየቅ የተዉት፣ ቢላክላቸውም የማያዩት ጥቂት አይደሉምና። «በአመልካቹ ፈቃድ» የሚሉትም ቢሆኑ ይህን ውጤት ባይልኩላቸው ይሻላል። የግድ የሚሉ ካሉ ግን፣ ፈተናው ከ21 ቀን በኋላ ሊደገም ስለሚችልና የትኛው ውጤት እንደሚላክ የሚመርጡት እርስዎ ስለሆኑ፣ ሰዓት ይዘው እየተለማመዱ ይድገሙት።