ስለ ቢራ ጠመቃ ቪዲዮዎች ለጠየቅከው

ሰላም ወንድሜ። «ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ ልጀምር ነው፤ ዩቲዩብ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች የምር ያስተምራሉ ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?» ላልከው፣ ያስተምራሉ። ግን ሁሉም እኩል አይደሉም። አብዛኞቹ ደግሞ አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው።

ካሜራ የሚወደው ምድጃውን ነው። ብቅሉ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ እንፋሎቱ ሲትጎለጎል፣ ሆፕሱ (ለቢራው ምሬትና ሽታ የሚሰጠው አበባ) ሲጨመር ለዓይን ያምራል። እርሾው ከገባ በኋላ ግን የሚቀረጽ ነገር የለም። የተከደነ ዕቃ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ አቅራቢውም «ከሁለት ሳምንት በኋላ እንገናኝ» ብሎ ያልፈዋል። ቢራው ቢራ የሚሆነው ግን በነዚያ ቀናት ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። እርሾው ሲሠራ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ክፍሉ 20 ዲግሪ ቢሆንም ዕቃው ውስጥ ያለው በጥቂት ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ለብዙዎቹ የኤል (በክፍል ሙቀት አካባቢ የሚብላላ የቢራ ዓይነት) እርሾዎች ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ካለፈ ጉሮሮ የሚያቃጥል ሻካራ ጣዕም ይመጣል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን የክፍሉ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ዕቃው ጎን ላይ ለጥፎ ቁጥሩን የሚያሳይህ አቅራቢ ካገኘህ እሱን ያዝ።

ሃይድሮሜትርም፣ ማለትም ፈሳሹ ውስጥ ስኳር ምን ያህል እንደቀረ በጥግግቱ የሚያሳየው መለኪያ፣ እንደዚሁ ነው። መብላላቱ ማለቁ የሚታወቀው በአረፋው መቆም ሳይሆን ለሁለት ሦስት ቀን ያልተለወጠ ቁጥር ሲነበብ ነው። ሳያልቅ ከታሸገ ጋዙ ይጠራቀምና ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። ይህን ሳይናገር ወደ ቆርኪው የሚሮጥ ቪዲዮ ለጀማሪ አደገኛ ነው ባይ ነኝ።

ወደ ስሞቹ ልምጣ። ለጀማሪ የጄምስ ስፔንሰርን «ቤዚክ ብሪዊንግ» አስቀድማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 በድምፅ ብቻ በሚቀርብ ፕሮግራም (ፖድካስት) የጀመረ ሰው ነው፤ ረጋ ብሎ ይጠይቃል፣ ረጋ ብሎ ያስረዳል። ቺፕ ዋልተን «ቾፕ ኤንድ ብሩ» ላይ ጠመቃንና ምግብን አንድ ላይ ያቀርባል፤ ወዳጅ ቤት የገባህ ነው የሚመስልህ። ማርቲን ኪን ደግሞ በ99 ሳምንት 99 ዓይነት ቢራ ለመጥመቅ ተነስቶ ጉዞውን በቪዲዮ አሳይቷል። የቢራ ዓይነቶችን ልዩነት ለማወቅ እሱን የሚያህል አላየሁም።

«ብሩሎሶፊ» የተባለውን የጠመቃ ሙከራ የሚሠራ ቡድን ትንሽ ልምድ ካገኘህ በኋላ ተከታተለው። እነሱ አንድ ነገር ብቻ ለውጠው ሁለት ቢራ ይጠምቃሉ። ከዚያ ለቀማሹ ሦስት ብርጭቆ ይሰጡታል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። የተለየውን ለይ ይሉታል። ብዙ ጊዜ ቀማሾቹ መለየት ያቅታቸዋል። ደስ የሚል ሥራ ነው፣ አንድ ሙከራ ብቻውን ግን ሕግ አይሆንም። ገና ጀማሪ ሆነህ ካየኸው «ይሄም ለውጥ የለውም፣ ያም ለውጥ የለውም» ብለህ ሁሉንም ነገር ችላ እንዳትል እሰጋለሁ።

ዕቃ ለማሻሻጥ የሚሠሩ ቪዲዮዎችም አሉ። ስለ ጽዳት ጥሩ ሊያስተምሩህ ይችላሉ፤ ውድ ማሽን ካልገዛህ ቢራ አይወጣህም የሚል ድምፀት ከሰማህ ግን እለፈው። ድስት፣ ክዳን ያለው ማብላያ፣ ቴርሞሜትር፣ ሃይድሮሜትርና ጥሩ የጀርም ማጥፊያ ካለህ መጀመር ትችላለህ።

የቆዩ ቪዲዮዎች ስታይ ደግሞ ቀኑን ተመልከት። ቢራውን መሃል ላይ ወደ ሁለተኛ ዕቃ ማዛወር ድሮ እንደ ግዴታ ይነገር ነበር። ዛሬ ለተለመደ ቢራ ብዙዎች ትተውታል፤ ማገላበጡ ኦክስጅን ያስገባና ጣዕሙን ያበላሻል።

አሁን የማብላያ ቦታህ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ለክተህ ጻፍልኝ። ሞቃት ከሆነ ክቫይክ የሚባለው የኖርዌይ እርሾ አለ፤ ከ30 ዲግሪ በላይም በደንብ ይሠራል። ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ ግን በተለመደው የኤል እርሾ ጀምር።