ባጃጅ፣ ጓደኛና ክትባት፦ የአንባቢ ጥያቄዎች

ስለ ግራፍ ቲዎሪ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጠየቃችሁ፤ አሁን ማምለጫ የለኝም።

«ሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪ እየተማርኩ ነው። ለመመረቂያዬ ግራፍ ቲዎሪ መረጥኩ ስላት እናቴ ‹የዋጋ ወጣ ወረደ ሥዕሉ ነው?› አለችኝ።» (ተማሪ፣ ጎንደር ማራኪ)

አይደለም በላት። እዚህ ግራፍ ማለት ነጥቦችና ነጥቦቹን የሚያገናኙ መስመሮች ናቸው። ነጥቡ ሰው ከሆነ መስመሩ ትውውቅ ነው፤ ነጥቡ ሰፈር ከሆነ መስመሩ መንገድ። ማን ከማን ተገናኘ ነው ጉዳዩ። ከእድሩ ጀምረህ ብታስረዳት ካንተ ቀድማ ይገባታል።

«ከፒያሳ ተነስቼ የሰፈሩን መንገድ ሁሉ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ነድቼ መመለስ እችላለሁ? ነዳጅ ተወዷል።» (ባጃጅ ነጂ)

ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ የዘርፉ መነሻ ነው! ፋሲለደስ ጎንደርን ከቆረቆሩ 100 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1736 እ.ኤ.አ.፣ የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ስለ ኮኒግስበርግ ከተማ ሰባት ድልድዮች የተነሳውን ይህንኑ ጥያቄ መረመረ። ከተማዋ ዛሬ የሩሲያዋ ካሊኒንግራድ ናት። መልሱ አይቻልም ሆነ። ለምን? ወደ አንድ መጋጠሚያ በአንድ መንገድ ከገባህ በሌላ መውጣት አለብህ። መንገዶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያልቃሉ ማለት ነው። ቁጥራቸው ጎዶሎ ከሆነ አንዱ ይተርፋል። በኮኒግስበርግ ወንዙ ከተማዋን አራት ቦታ ይከፍላት ነበር፤ አንዱን 5፣ ሌሎቹን ሦስት ሦስት ድልድይ ይነካቸዋል። ሁሉም ጎዶሎ! አንተም ሰፈርህን ቁጠር። መጨረሻው የተዘጋ አንድ መንገድ ካለ በቃ፣ እሱን መድገምህ አይቀርም። በዳገትና ቁልቁለት ከተማ ደግሞ እሱ አይጠፋም። የትኛውን ብትደግም ይቀንስልሃል የሚለው «የቻይናዊው ፖስተኛ ችግር» የሚባል ሌላ ጥናት ነው።

«ጓደኞቼ ሁሉ ከእኔ የበለጠ ጓደኛ አላቸው። ምን አጠፋሁ?» (አንዲት እህት፣ አዘዞ)

ምንም! አራት ሰዎች አሉ እንበል። አንዷ ሦስቱንም ታውቃለች፤ ሦስቱ ግን እርስ በርስ አይተዋወቁም። ሦስቱም ወደ ጓደኛቸው ሲያዩ ባለ 3 ጓደኛዋን ያያሉ። ከአራቱ ሦስቱ እንደ አንቺ ያማርራሉ ማለት ነው። ብዙ ወዳጅ ያለው ሰው በብዙዎች ዝርዝር ውስጥ ስለሚገባ ነው። ስኮት ፌልድ የተባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1991 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል።

ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልሽ። ክትባት ጥቂት ሲሆን እንዲሁ በዕጣ ለደረሰው ሰው ከመስጠት፣ «አንድ የምታውቀውን ሰው ጥቀስልኝ» ብሎ ለተጠቀሰው መስጠት ይሻላል። የተጠቀሰው ሰው ብዙ ሰው የሚያገኝ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነዋ! ማን ማንን እንደሚያውቅ አስቀድሞ መመዝገብ እንኳ አያስፈልግም። የማራኪው ተማሪ፣ እየሰማህ ነው? የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት ነው የጀመረው። ጎረቤትህ ካለ የጤና ተማሪ ጋር ሻይ ጠጣ።

«ውድ ኮምፒውተር ያስፈልጋል?»

የለም። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የሚሠራው የግራፍ መሣሪያ፣ ኔትወርክኤክስ፣ በነጻ ነው፣ ተራ ላፕቶፕ ይበቃዋል። መብራት ከሄደ እርሳስና ወረቀት አለ፤ ኦይለርም ሌላ አልነበረውም።